ሁለት ሕመም፣ ሁለት ጾም፦ የሪያድ ሰሞኔ

ከሪያድ ከተመለስኩ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ወርቅ ነው። «ወርቁ እንዴት ነው? ሕንጻውስ?» ይሉኛል። ወርቅ አይቻለሁ፤ ሕንጻም አንገቴ እስኪያመኝ ቀና ብዬ አይቻለሁ። እኔ ማውራት የምፈልገው ግን ስለ አንድ ሆስፒታልና ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ይህን ስጀምር ሰዉ ቅር እያለው ወሬ ይለውጥብኛል። እንግዲያው ቁጭ ብዬ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው አልኩ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ሪያድን ሳያይ የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ የእኛን ቤት ዓይነት ጭንቅ በጓዳው ደብቆ የያዘም እንደዚያው ብዙ ነው።

ወንድሜ ሙሉጌታ ሪያድ ውስጥ የቤት ሾፌር ነው። ብዙ ዓመት ሠርቷል፤ እህት ወንድሞቹን ሁሉ ረድቷል። የታመመው እዚያው ነው። የሌለ ሰው ድምፅ ይሰማዋል። ድምፁን ዝም ለማሰኘት ይጠጣል፤ ሲጠጣ ድምፁ ይብስበታል። እዚያ አገር መጠጥ ክልክል ቢሆንም በየጓዳው ተደብቆ የሚወጣ አረቄ ለፈለገው አይጠፋም። ለእረፍት መጥቶ እኔ ቤት ሲቀመጥ ነው ጉዱን ያየሁት። የአእምሮ ሐኪም ጋ ስወስደው «መጀመሪያ መጠጡን ይተውና ይምጣ» አሉኝ። መጠጥ የሚያስተዉት ጋ ስወስደው ደግሞ «መጀመሪያ ጭንቅላቱ ይታከም» አሉኝ። እንደ ኳስ ሲቀባበሉን ከረሙ። እሱም መረረውና ተመልሶ ሄደ።

ቆይቶ አሠሪው ሆስፒታል እንዳስገቡት ሰማን። ቤተሰብ ተሰብስቦ መከረና እኔ ሄጄ እንዳመጣው፣ እንደመጣም ክኒኑን አስቁመን ጠበል እንድናስገባው ተወሰነ። ታላቅ ወንድማችን ጌታሁን ለእኔ የደርሶ መልስ፣ ለሙሉጌታ ደግሞ ከጎኔ የመምጫ ትኬት ቆረጠልን። እንግዲህ የሄድኩት ሰው ልጠይቅ ሳይሆን ሰው ልመልስ ነው።

ማክሰኞ

ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው ነው የገቡት። እኔ እንደ ወትሮዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምጾም መንገዱን በባዶ ሆዴ ጀመርኩት። ሻንጣዬ ውስጥ ሽሮ፣ በሶ፣ ለፀሐዩ ብዬ የያዝኩት ጃንጥላና በፕላስቲክ ጠርሙስ የተቀዳ የደብራችን ጠበል አለ። ሸኖ ላይ አውቶቡሱ ሲቆም ግማሹ ተሳፋሪ ወርዶ ቅቤ ገዛ። በሁዳዴ ቅቤ የሚገዛ ሰው ለፋሲካ ከወዲሁ ያሰበ ብልህ ነው መቼም። አውቶቡሱ ግን እስከ አዲስ አበባ ድረስ ቅቤ ቅቤ እየሸተተ ጾማችንን ሲፈትን ሄደ። አዲስ አበባ የአክስቴ ልጅ ቤት አደርኩ።

ረቡዕ

ጡረታ እስክወጣ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። የዓረቢያን ምድር በቢጫ ጠመኔ እቀባና «እዚህ አሸዋ ነው፤ ወንዝ የለም፣ ዝናብ የለም» ብዬ ወደ ሌላው አገር አልፍ ነበር። አውሮፕላኑ ዝቅ ሲል በመስኮት አየሁት። ቢጫው እውነት ነው፤ ጠመኔዬ አልዋሸም። በመሐሉ ግን መጨረሻው የማይታይ ከተማ ተዘርግቷል። ስንቱን ተማሪ «አሸዋ ነው» ብዬ እንደሸኘሁት ሳስብ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ፍተሻው ላይ ጉድ ፈላ። አንዱ ወጣት ፈታሽ ጠርሙሴን አወጣና ወደ ብርሃን አንስቶ አየው። «ምንድን ነው?» አለኝ በእንግሊዝኛ። «ውኃ» አልኩት። አላመነኝም። መልኩ ውኃ የሚመስል ስንት ነገር እንዳለ እሱም እኔም እናውቃለን። «ጠጪው» ብሎ በእጁ አመለከተኝ። «ጾመኛ ነኝ» አልኩት። ክው አለ፤ ሰው በረመዳን «ጠጪ» ማለቱ ገና ያን ጊዜ ታወቀው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀኝና ክዳኑን ከፍቶ አሸተተው። ምንም ሲያጣበት በሁለት እጁ መለሰልኝ። ምን ዓይነት ጾም እንደምጾም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ደጅ ላይ ትዕግሥት ትጠብቀኛለች። የሰፈራችን ልጅ ናት፤ ሪያድ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው የምትሠራው። በረመዳን ሥራዋ የሚጀምረው ሰው ካፈጠረ በኋላ ስለሆነ ቀኑን ለእኔ ሰጠችኝ።

«እትዬ፣ ያላ! መግሪብ ሳይደርስ ቤት እንግባ» አለችኝ ሻንጣዬን ነጥቃ። «ጾም ሊፈታ ሲል የዚህ አገር ሹፌር ሁሉ ያብዳል።»

በባቡር ሄድን። ጣቢያው መስተዋት ይመስላል፤ ጫማዬን ላውልቅ ወይስ ልርገጠው ብዬ አመነታሁ። ባቡሩ መጥቶ ቆመ፤ በሩ ተከፈተ፤ ገባን።

«ሹፌሩ የታለ?» አልኳት።

«የለውም እትዬ።»

«የለውም ማለት?»

«በቃ የለውም። ብቻውን ነው የሚሄደው።»

ተነስቼ ከፊት መስታወቱ ጋ ቆምኩ። ሐዲዱ ከሥር እየተጠቀለለ ይመጣል፤ ከተማው በግራና በቀኝ ይከፈታል፤ የሚነዳው ሰው የለም። ከአጠገቤ አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማ ነበር። አፏን ከፍታ ታያለች፤ እኔም እንደሷ።

ትዕግሥት የምትኖረው ጉበይራ የሚባል ሰፈር ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ሱቁ የተጠጋጋ፣ ሰዉ ብዙ ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ የገባሁ ነው የመሰለኝ። ክፍሉን ከሌሎች ልጆቻችን ጋር ትጋራዋለች። ያለውን አንድ ደህና አልጋ ለእኔ ለቀው እነሱ መሬት ላይ አነጠፉ። ብለምን ብገዝት አልሰማ አሉኝ። ከመካከላቸው አንዷ ኢቃማ ስለሌላት፣ ያው የመኖሪያ ወረቀት ማለት ነው፣ ከክፍሉ እምብዛም አትወጣም። ያመጣሁትን ሽሮ የሠራችው እሷ ናት። ስንበላ እንባዋን በነጠላዬ ጫፍ ስታብስ አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ሐሙስ

ሆስፒታሉ ከከተማው ዳር ነው። የእብድ ቤት አያለሁ ብዬ ልቤን አደንድኜ ነበር የሄድኩት። የተቀበለኝ ግን አትክልት የሞላበት ግቢ፣ ጥላ ሥር የተቀመጡ ሰዎችና ጸጥታ ነው። የሙሉጌታን ክፍል የምትመራው ዶክተር ሀያ የምትባል ሴት ናት። ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ከዓይኗ በቀር ፊቷ ሁሉ የተሸፈነ ስለሆነ መጀመሪያ ግር አለኝ። ዓይኗ ግን ያዳምጣል። ሰው ሲናገር አንዴም ወደ ስልኳ አላየችም። በእንግሊዝኛ ነበር የምንግባባው።

«ይህ ክፍል ሁለቱም ሕመም ላለባቸው ነው» አለችኝ። «አንዱን ብቻ ካከምን ሌላው እየጎተተ ይመልሰዋል። ስለዚህ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ጊዜ ነው የምናክማቸው።»

ደግሜ አስነገርኳት። የአእምሮ ሐኪሟ፣ ሱስ የሚያስተወው አማካሪ፣ ነርሶቹ፣ ሁሉም በየሳምንቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንድ ሰው ይመክራሉ፤ ቤተሰብም ይጠራል። አማካሪው ሳሚ ደግሞ ራሱ የሱስ በሽተኛ የነበረና የዳነ የአገሬው ሰው ነው። እኛ አገር ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር የተንከራተትኩበት ነገር እዚህ አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው ያለው። ጠረጴዛውን አሳዩኝ ብዬ ገብቼ አየሁት። ተራ ጠረጴዛ ነው፤ ግን እንደ ታቦት ዙሪያውን ዞርኩት።

ከዚያ ሙሉጌታን አመጡልኝ፤ ደስታዬ ሁሉ በረደ።

ከስቷል። ከንፈሩ ደርቋል። እኔን እያየ ጆሮው ወደ ግድግዳው ነው።

«እትዬ፣ መጣሽ?» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውሰጂኝ። እዚህም አልሆነልኝም። እነዚያ አሁንም ያወራሉ» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ አንድ ነርስ ሳህን ይዞለት መጣ። ሌሎቹ ጾመኞች ስለሆኑ ለእሱ ለብቻው ነው የሚቀርብለት። እንዳይሳቀቅ መጋረጃ ስቦለት ወጣ። ደግነቱ ደስ አለኝ። ሙሉጌታ ግን ምግቡን አልነካውም። አፉ የማይቀምሰው ሕመሙ ብሶበት ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም ጾመኛ ስለሆንኩ ብላ ብላ እያልኩ ላጎርሰው አልቻልኩም፤ ተያይተን ተቀመጥን።

ዶክተር ሀያ ስትሸኘኝ አልደበቀችኝም። ከገባ ጀምሮ በደንብ እየተሻለው ነበር። ከጥቂት ሳምንት ወዲህ ግን ወርዷል። ረመዳን ሲገባ የክፍሉ ሰዓት ሁሉ ስለተለወጠ ያ ረብሾት ይሆናል የሚል ግምት አላቸው። እሁድ ተሰብስበው መድኃኒቱን ወደ ሌላ፣ ወደሚጠነክር ለመለወጥ ይመክራሉ።

«ረቡዕ ይዤው እሄዳለሁ» አልኳት።

«መብትዎ ነው። እሁድ ግን ይምጡ» አለችኝ።

በባቡሩ ስመለስ ከፊት መቆሙን ተውኩት። እዚህም ካልሆነለት የትም አይሆንለትም፤ እንግዲህ ያለው ጠበሉ ነው፣ ይዤው ልግባ አልኩ። ልቤ ቆረጠ።

ዓርብ

የሙሉጌታ አሠሪ አቡ ሱልጣን ለማፍጠሪያ ጠሩን። ከፊል፣ ያው የዚያ አገር አሠሪ፣ ሲባል ስንት ክፉ ወሬ ሰምቻለሁ፤ እሳቸውንም ፊቴን አኮሳትሬ ነበር የገባሁባቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ዱላ ይዘው ደጅ ድረስ ወጡልን። የተናገሩትን ትዕግሥት ተረጎመችልኝ።

«ሙሉጌታ ልጆቼን ስንት ዓመት ትምህርት ቤት ሲያመላልስ አንድ ቀን ድምፁን ከፍ አላደረገም። አንድ ቀን መኪናው ውስጥ ብቻውን ሲጨቃጨቅ አገኘሁት፤ ትንፋሹም ይሸታል። ሰዎች ፖሊስ ጥራ አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው ብቻውን ሲጨቃጨቅ ወንጀል ነው? በሽታ ነው እንጂ። ሆስፒታል ወሰድኩት። የጀመረውን እስኪጨርስ ወጪው የእኔ ነው።»

ፊቴን ማኮሳተሬን ረሳሁት።

ከዚያ አዛን ተባለና ምግቡ ቀረበ። ሩዙ ላይ በግ እንዳለ ተጋድሟል። ሾርባው ሥጋ፣ ሳምቡሳው ሥጋ። ቴምር ይዤ ቁጭ አልኩ።

«ብዪ እንጂ!» አሉኝ አቡ ሱልጣን።

«ጾመኛ ነኝ» አልኩ።

«ሁላችንም ጾመኞች ነን፤ ኸላስ፣ አሁን እኮ ተፈታ!»

ትዕግሥት ሳቋን አፍና የእኛ ጾም ቢፈታም ሥጋና ወተት እንደማይነካ፣ ይህም እስከ ፋሲካ እንደሚዘልቅ አስረዳቻቸው። ሰውዬው እጃቸውን ከሩዙ ላይ አነሱ። ከእኛ ሰው ጋር ይህን ሁሉ ዓመት ኖረው፣ እኛም እንደምንጾም ማንም ነግሯቸው አያውቅም። ወዲያው ወደ ጓዳ ተጣሩ፤ ፉል በዘይት ተሠርቶ እስኪመጣ እሳቸውም ሳይጎርሱ ጠበቁኝ። ለስንብት ደግሞ ሌላ ድስት ሙሉ ፉል አሸከሙን። ሥጋው እየቀዘቀዘ የጠበቁኝ ነገር እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ስለሆነ ጠዋት ቀመስኩ። ትዕግሥት ዲራ ገበያ ወሰደችኝ፤ ወርቁንም ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ለሰው ስጦታ እየመረጥኩ ሳለ ሰማዩ ጠቆረና ዝናብ መጣ። እውነተኛ ዝናብ! «ዝናብ የለም» ብዬ ያስተማርኩበት አገር ላይ! ባለ ሱቆቹ ዕቃቸውን ትተው ወጡ፤ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይጸልያሉ፤ ሕፃናቱ ይጨፍራሉ። ደብረ ብርሃን ሰው ከዝናብ ይሸሻል፤ እዚህ ወደ ዝናቡ ይሮጣል። ለፀሐይ ያመጣሁትን ጃንጥላ ልዘረጋ አልኩና አፈርኩ። እኔም መዳፌን ዘረጋሁ። ለሙሉጌታ አንድ ነገር አድርግ አልኩ እንጂ ሌላ ቃል አልወጣኝም።

እሁድ

ጠዋት ሆስፒታል ደረስን። ሙሉጌታ እየሳቀ መጣ። ተላጭቷል።

«እትዬ፣ ትናንት ዘነበ አይደል? አየሽው?» አለኝ።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። የሐሙሱ ሰው የት ሄደ? ጆሮው ወደ እኔ ነው፤ ግድግዳውን ረስቶታል። ተያይዘን ያንን ጠረጴዛ ከበብን፤ ዶክተር ሀያ፣ ሳሚ፣ ነርሱ፣ ሙሉጌታና እኔ።

ግራ የገባትን ነገር ዶክተር ሀያ ዘረዘረችው። «ሙሉጌታ ቅዳሜና እሁድ እንዲህ ነው፤ ይበላል፣ ይጫወታል። ሰኞ ይጀምረውና ዓርብ ላይ ይጨልማል። ቅዳሜ እንደገና ይነጋለታል። ከረመዳን ወዲህ በየሳምንቱ እንዲሁ ነው። እንዲህ የሚያደርግ በሽታ አላውቅም።»

ሳሚ በሳምንቱ ቀናት የሚያስጨንቀው ነገር ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ነርሱ የምሳውን ነገር አነሳ፤ የሚበላው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው አለ።

ቅዳሜና እሁድ ብቻ። እኔም ትናንት ጠዋት ቀምሻለሁ። ዛሬም ቀምሼ ነው የመጣሁት፤ በሁዳዴ ቅዳሜና እሁድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይጾምም። ጭንቅላቴን በዱላ የተመታሁ መሰለኝ። ረመዳን ሲገባ ምን አብሮ ገባ? ማን ነው ከሰኞ እስከ ዓርብ በየጠዋቱ አፉ ምንም የማያስገባ? ሐሙስ ዕለት ሁለት ጾመኞች መጋረጃ ውስጥ ተያይተን ቁጭ ብለን ነበርኮ!

«ሙሌ» አልኩት በአማርኛ። «ጾም ይዘሃል?»

አንገቱን ደፋ።

«የጠዋቷን ክኒንስ?»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ተሳልኩ እኮ እትዬ» አለኝ። «ከዚህ መጠጥ ካወጣኸኝ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾምልሃለሁ ብዬ ተሳልኩ። ክኒን በውኃ ከዋጥኩ ጾም የት አለ? በከንፈሬና በድዴ መሐል እይዛትና ነርሱ ሲሄድ በሶፍት እጠቀልላታለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እውጣታለሁ ብዬ ነው፤ ስፈታት ቀልጣ ሶፍት ሆናለች። መጣል አስቤ አይደለም።»

«ለምን አልነገርካቸውም?»

«ምን ብዬ? እነሱ በራሳቸው ጾም ተይዘዋል። እኔን እንዳልራብ ብለው መጋረጃ ስበው ያበሉኛል። እኔም እጾማለሁ ብል በሃይማኖታቸው ያሾፍኩ ይመስላቸዋል ብዬ ፈራሁ።»

እንባዬን እየዋጥኩ ለዶክተሯ ተረጎምኩላት። ክኒኗን ደብቋል ስላት ትቆጣለች ብዬ ነበር። ወንበሯን ስባ ወደ ሙሉጌታ ተጠጋች። በዓረብኛ ነበር ያናገረችው፤ ኋላ እሱ ነው የነገረኝ።

«ሙሉ፣ እኔም እኮ አሁን ጾመኛ ነኝ። በዚህ ክፍል ላለው ጾመኛ ሁሉ ረመዳን ሳይገባ ተቀምጬ መድኃኒቱን ከጾሙ ጋር አስማምቻለሁ። አንተን ሳልጠይቅህ ቀረሁ። ይህ የእኔ ጉድለት ነው። ጾምህ መቼ ነው የሚፈታው?»

ነገራት። አሰበች። ሰዓቱ የሚዛወርም የማይዛወርም መድኃኒት እንዳለ ገለጸችልን፤ የእሱ ሁለቱም ክኒኖች፣ የድምፁም የመጠጡም፣ ይዛወራሉ። አንደኛውን ዙር ጾሙ ሲፈታ፣ ሁለተኛውን ሲተኛ ያደርጋል። ውኃ ግን በደንብ ይጠጣ፤ ከባሰበት ደግሞ ጾሙ ይቆማል፤ ይህን ቃል ይግባልኝ አለች። ገባ። የሚጠነክረው መድኃኒት ነገር እዚያው ቀረ።

እኔ ግን አላበቃሁም። ከቦርሳዬ ጠርሙሱን አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ጠበል ምን እንደሆነ፣ ቤተሰቤም ክኒኑን አስቁሞ በዚህ ሊያድነው እንዳሰበ አንድም ሳልደብቅ ተናገርኩ። ዶክተር ሀያ ከፍታ አሸተተችው። ለነርሱም ሰጠችው፤ አሸተተ።

«ውኃ ነው» አለች። «ለእናንተ ግን ከውኃ በላይ ነው።»

«አዎ።»

«እንግዲያው ክኒኑን በሱ ይዋጥ። ለምን ይጣላሉ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ወይም ያንን ሲባል ነው የኖርኩት። ወይ መጠጡ ወይ ጭንቅላቱ፣ ወይ ጠበሉ ወይ ክኒኑ። ዓይኗ ብቻ የሚታይ አንዲት የሌላ ሃይማኖት ልጅ ሁሉንም አንድ ጠረጴዛ ላይ ሰብስባ አስቀመጠችልኝ። ከመቀመጫዬ ተነስቼ ትከሻዋን ሳምኩ። እሷም ሳትሸሽ ሳመችኝ።

ሰኞ

ቀኑ በስልክ አለቀ። መጀመሪያ ለንስሐ አባታችን ደወልኩ። «ለበሽተኛ ጾም ግዴታ እንዳልሆነ አልነገርኩትም እንዴ?» ብለው አዘኑ። ከዚያ ሐኪሟ ያለችውን ስነግራቸው «እንዳለችው ያድርግ፤ ለሷም እጸልያለሁ» አሉ።

ጌታሁን ግን ጮኸብኝ። «ልትመልሽው ሄደሽ አንቺው እዚያ ታስቀሪዋለሽ? የልጁን ትኬት ምን ላድርገው?» አለኝ። የሐሙሱንና የእሁዱን ሙሉጌታ ነገርኩት። ስለ ኳሱ አስታወስኩት፤ ከአንዱ በር ወደ ሌላው ስንላክ አብሮኝ ነበርና። «ራሱ ምን ይላል?» አለኝ በመጨረሻ። አላውቅም አልኩት፤ እውነትም አላውቅም ነበር። ሐሙስ ውሰጂኝ ብሎኛል።

ማክሰኞ

አመሻሹ ላይ ሄድኩ። ጾሙ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ተፈትቶለታል፤ ክኒኑን ግን ገና አልወሰደም አሉኝ። ደንግጬ ነርሱን ጠየቅኩት። «ራሱ ነው እስከ መግሪብ ጠብቁኝ ያለ። ዶክተሯም ፈቅዳለታለች» አለኝ።

ዶክተር ሀያ በአዳራሹ በር መስታወት በኩል እንዳይ ወሰደችኝ። ወለሉ ላይ ረጅም ላስቲክ ተነጥፏል፤ በሽተኞቹ በግራና በቀኝ ተደርድረዋል። ከመካከላቸው ሙሉጌታ ተቀምጧል። መጋረጃ የለም። ከፊቱ ፉል፣ ቴምርና በትንሽ ብርጭቆ የተቀዳ ጠበል አለ። ነርሱ እየዞረ ለእያንዳንዱ ክኒኑን ሰጠ። ሙሉጌታም ሁለቱን መዳፉ ላይ ያዛቸው። ሁሉም አዛኑን ይጠብቃሉ።

አዛን ተሰማ። ወንድሜ በአውራ ጣቱ ደረቱ ላይ ትንሽ መስቀል ሠራ። ክኒኖቹን አፉ አደረገና በጠበሉ ዋጣቸው። ማንም ሳያዘው አፉን ከፍቶ ለነርሱ አሳየው። ነርሱ ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ቴምር መርጦ እጁ ላይ አኖረለት።

ከበላ በኋላ መጣልኝ። «እትዬ፣ ነገ አብሬሽ አልሄድም። አትቀየሚኝም?» አለኝ።

«ውሰጂኝ ብለኸኝ ነበርኮ።»

«እሱን ያለው እኔ አይደለሁም።» ፈገግ አለ። «እንዲህ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ የበላሁት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ልጨርሰው። ስጨርስ በእግሬ ቆሜ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።»

ኢንሻአላህ ማለቱን ሰምቼ ሳቅኩ። ከዚያ አልቅሼ፣ እንደገና ሳቅኩ።

ረቡዕ

ትዕግሥት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘችኝ። ሽሮውን ለልጆቹ ትቼላቸው፣ አቡ ሱልጣን በላኩት ቴምር ሻንጣዬን ሞልቼ ተሳፈርኩ። ከጎኔ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አስተናጋጇ መጥታ «ሰው አለው?» አለችኝ። «አለው፤ ቆይቶ ነው የሚመጣው» አልኳት። ግር ብሏት አለፈች።

ቀይ ባሕርን ስንሻገር ፀሐይዋ ከፊታችን ዝቅ ማለት ጀመረች። የእኔ ጾም ከተፈታ ቆይቷል፤ ሰሃኔ ከፊቴ ነው፤ ርቦኛልም። ሹካዬን አስቀመጥኩ። ዙሪያዬ ያሉት ሙስሊሞች ቴምር ይዘው በመስኮት ያያሉ። እኔም ከአቡ ሱልጣን ቴምር አንድ አውጥቼ መዳፌ ላይ ያዝኩ። ፀሐይዋ ጠለቀች፤ ሰዎቹ ወደ አፋቸው አነሱ። በሪያድ ከእኛ ቀድማ እንደምትጠልቅ ለስንት ዓመት ያስተማርኩት ነው። ሙሌ ክኒኑን ውጧል ማለት ነው። ቴምሬን ጎረስኩ።